ቀብድ ያልተቀበሉት የካርታ ሠዓሊ፤ የአቶ ወንድምአገኝ መልከ ጼዴቅ የሕይወት ታሪክ

አቶ ወንድምአገኝ መልከ ጼዴቅ ከአባታቸው ከመሪጌታ መልከ ጼዴቅ ወልደ ጻድቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጄ አትናቴዎስ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1959 ዓ.ም. በመንዝ፣ ቀየት አካባቢ፣ ጥድ አፋፍ በተባለ መንደር ተወለዱ።

በአባታቸው እጅ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ዜማ ቤት ቢገቡም ድምፃቸው እምቢ ስላላቸው አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዘንድ ተቀምጠው ብራና መፋቅና ቀለም መበጥበጥ ተማሩ። አባታቸው “ከጉሮሮው የነሣውን በእጁ ሰጠው” እያሉ ይጽናኑ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጥሩሸዋ ጫኔ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ምስክርን፣ ማርያማዊትንና አንዷለምን ወልደዋል።

በ1996 ዓ.ም. የአካባቢው የእርሻ መሬት ሲለካ ገመድ ጎታች ሆኑ። ይህ ሥራ እንጀራም ጥርጣሬም አመጣባቸው። ማሳው ያነሰበት ሁሉ “ለእገሌ ገመዱን አላልቶለታል” ይል ነበር። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ወንዝ ሲወርዱ የሴቶቹ ወሬ ይቋረጥ ነበር። የልኬቱ ሥራ ካበቃ በኋላ አቶ ወንድምአገኝ ገመዱን ትተው በእግራቸው ያወቁትን አገር በብራና ላይ ይሥሉ ጀመር። ምንጩን፣ ደብሩን፣ የከብት መውረጃውንና የእያንዳንዱን ቤት ስም ያሰፍራሉ። ሥራቸውን ያዩ ሰዎች የአባታቸውን ቀዬ እያሣሉ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉ ጀመር።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ግን የመሬት ነገር በልጆቻቸው ላይ ክስ እንዳያመጣ ሰጉ። ባለቤታቸው በብራናው ላይ የማንን ስም የት እንደሚጽፉ ራሳቸው ለማየት በ2009 ዓ.ም. የጎልማሶች ትምህርት ገቡ። ማንበብ ሲችሉ አንድ ካርታ ከዳር እስከ ዳር መረመሩ፤ የተጣመመ ስም አላገኙም።

ችግሩ የዋጋው ነገር ነበር። የመጀመሪያውን ትልቅ ካርታ ያሣሉት የራቤሉ ነጋዴ አቶ ይታየው “በግ እንኳ ጀርባው ተዳብሶ ይሸመታል፤ የዚህ ምኑ ይዳበሳል?” ብለው ተከራከሩ። አቶ ወንድምአገኝም “ማሳህን ከብት ሲበላው ጉዳቱን ማን ይነግርሃል?” ሲሉ ጠየቋቸው። “ገማች ነዋ” አሉ። “እንግዲያው ይህንንም ገማች ይገምተው” አሏቸው አቶ ወንድምአገኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርታው ሲያልቅ አንድ ገማች በሠዓሊው፣ አንድ ገማች በገዢው በኩል ተመርጦ ሁለቱ የተስማሙበት ዋጋ ይጸና ጀመር።

ገማቾቹ የለመዱት የሰብል ጉዳት ነውና መጀመሪያ ላይ “ስንት ጥማድ ይሆናል?” እያሉ በመሬቱ ስፋት ገመቱ። ስለዚህ በጥቂት ቀን የተሣለው የጓሳ ሜዳ፣ ክረምቱን ሙሉ ከተደከመበት ከአንድ ደብር ቅጥር ግቢ እጥፍ አወጣ። የደብሩ ሰዎች ደስ ሲላቸው የጓሳውን ያሣሉት ሰው “ገማቾቹ ተገዝተዋል” ብለው ጠረጠሩ። አቶ ወንድምአገኝ “የጓሳን ስፋት እግዜር ነው የሠራው፤ የኔ ቀለሙ ነው” ብለው ትርፉን መለሱ። ከዚያ ወዲህ ገማቾች ዋጋ ከመናገራቸው በፊት አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጠው ሲሠሩ እንዲያዩ ደነገጉ።

ገማቾቹ ግን ስንቃቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ዋጋው ሳይነገር ከሠዓሊው ቤት ጠላ አይቀዳም፤ “በጠላ ገዙት” እንዳይባል ነው። እንግዳ ጉሮሮው ደርቆ ሲውል ማየት ለወይዘሮ ጥሩሸዋ እፍረት ነበር፤ ጠላውን ጓዳ ደብቀው ግምቱ እስኪያልቅ ይቁነጠነጡ ነበር። አቶ ወንድምአገኝ ቀብድም አይቀበሉም። “ቀብድ የበላ እጅ መስመር ያጣምማል” ይሉ ነበር። ልጃቸው ምስክር ታሞ ደብረ ብርሃን በተኛ ጊዜ እንኳ፣ ገዢው ቀብዱን ልስጥ እያላቸው እምቢ ብለው በግ ሸጠው አሳከሙ። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ ገማች ሆናችሁ ተቀምጣችኋልና ትመሰክራላችሁ።

ባለፈው ግንቦት ከከተማ በመኪና የመጡ አንድ ሰው የጥድ አፋፍን ምንጭና የጋራ ግጦሽ አሣሉ። አቶ ወንድምአገኝ በጉበት ሕመም አልጋ ላይ ሆነው ብራናውን ከጉልበታቸው እያስደገፉ ጨረሱት። ገማች ለመጥራት ግን አልደረሱም። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።

ትናንት ያ ሰው ለቅሶ ደርሰው፣ እንባቸው ሳይደርቅ “ካርታውን ስጡኝ፤ ሒሳቡን አስቀድሜ ጨርሻለሁ” ብለዋል። ቤተ ሰቡ አልሰጠም። ሟቹ በሰው ላይ በጥርጣሬ አይፈርዱም ነበርና የሰውየው ስም እዚህ አልተጻፈም። ካርታው ተጠቅልሎ በደብሩ ዕቃ ቤት፣ በጠባቂው በመምሬ ወልደ ጻድቅ እጅ ነው። እኒያ ሰው በዚህ መካከል ቆመው የሚሰሙ ከሆነ፣ ከአርባው በኋላ ገማቻቸውን ይዘው ይምጡ። ከቤተ ሰቡ በኩል የሚገምቱት በካርታው ላይ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ የሚያነቡት ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩሸዋ ናቸው። ስንቃቸውን አይርሱ፤ ጠላው ከግምቱ በኋላ ነው።

አቶ ወንድምአገኝ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጃቸውን እፀገነትን ትተው ሄደዋል። የሰውን ድካም ያለ ገማች የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ማረፊያ ያሳርፍልን። አሜን።