መዘውሩ ዝም ሲል

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ኮልፌ

እንቅልፌን ቆራርጬ መተኛት ከጀመርኩ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ለማትሪክ የጥናት ጊዜ ላተርፍ ብዬ ነው፤ ዘዴውን ያየሁት ግን ከአከራዬ ከሸማኔው ከአቶ ዳና ነው። እሳቸው በቀን አራቴ፣ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ እንደተቀመጡ ያሸልባሉ። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ክር ሲያጠነጥኑ የመዘውሩ ድምፅ ያስተኛቸዋል። ክሩ አልቆ መዘውሩ ዝም ሲል ይነቁና መወርወሪያቸውን አንስተው ይቀጥላሉ። ሰዓት የሚባል ነገር የላቸውም፤ አንድም ቀን ግን ሥራ ላይ እያሉ እንቅልፍ ሲጥላቸው አላየሁም። እንዴት ያሉ ሰው ናቸው!

እኔማ ዛሬ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ልመልስ ተነስቼ በቁሜ አንቀላፋሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አቶ ዳና ዓይኔን አይተው፣ «ና፣ እዚህ መደብ ላይ ጋደም በል። መዘውሩ ሲቆም ትነሳለህ» አሉኝ።

ስነቃ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። ፊዚክሱ ሳይነካ ቀረ ብዬ በንዴት ቀና ስል፣ እትዬ አስቴር አሁንም መዘውሩን ያዞራሉ። አንዲት ክር የለበትም።

«እትዬ፣ ክሩ መቼ አለቀ?»

«ቆየ እኮ። ካቆምኩማ ትነሳለህ» አሉኝ፣ የዛለ እጃቸውን ያን ጊዜ ገና ከመዘውሩ እያነሱ።