በሌላ ሰው ስም የሠለጠንኩት ስድስት ሳምንት

ቀን፦ ኅዳር 12

ለመሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እኔ የተማርኩት ሥልጠና ለሌላ ሰው ተቆጥሮ የተሰጠው የሥራ ምደባ ታግዶ እንዲጣራልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልና አንድ የጽሕፈት ሰርተፍኬት ነው። እስከ ዛሬ የሰው አቤቱታ ተቀብዬ ማህደር ውስጥ ሳስገባ ኖርኩ እንጂ የራሴን ጽፌ አላውቅም። ስለዚህ አጻጻፌ ከሥርዓት ወጣ ካለ ባለማወቅ መሆኑን ተረድተው እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1. በዚህ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። እንደሚያውቁት የምንይዘው የቤት ባለቤቶችን ማህደር ነው። ማህደር ሲጠፋ ወረቀት ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ሰው ከገዛ ቤቱ ይጠፋል። ሠራተኛው “እትዬ ማህደር” ይለኛል። ለቀልድ ያወጡልኝ ነው፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል።

2. የሥልጠናና ምደባ ክፍል በየዓመቱ “ምን መሠልጠን ትፈልጋላችሁ?” የሚል ቅጽ ያስሞላናል። ሦስት ዓመት በተከታታይ “ማህደርን በኮምፒውተር መያዝ” ብዬ ሞላሁ። በመጀመሪያው ዓመት የጭንቀት አያያዝ ሥልጠና ላኩኝ። በሁለተኛው ዓመት ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ ሠለጠንኩ። የምመራው ስብሰባ የለኝም። በሦስተኛው ዓመት የጠየቅኩት ሥልጠና ተፈቅዶ መጣ፤ ዕድሉ ግን የተሰጠው ለጠቅላላ አገልግሎት ቡድን መሪዋ ሆነ። የእሷ ሥራ መኪና ማሰማራትና ወንበርና ጠረጴዛ ማደል ነበር።

3. በመሥሪያ ቤታችን አንድ ልማድ አለ፤ እርስዎ ዘንድ ደርሶ እንደሆነ አላውቅም። “ወንበር ማሞቅ” ይባላል። አለቃ ለሥልጠና ይመረጣል፣ ሥራ በዛብኝ ይላል፣ ከበታቹ አንዱ ሄዶ ይቀመጥለታል፤ የስም መቆጣጠሪያው ላይም በአለቃው ስም ይፈርማል። ቡድን መሪዋ ወደ እኔ መጥታ “እህቴ፣ እናቴ ታማብኛለች፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ የት እገባለሁ? እባክሽ አንቺ አሙቂልኝ” አለችኝ። የሥልጠናና ምደባ ኃላፊው ኮሪደር ላይ ቆሞ እየሰማ ነበር። “እትዬ፣ ኮታው ከሚቃጠል አንቺ ብታሞቂው አይሻልም?” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

4. ሠላሳውንም ቀን ሄድኩ። አንድም ቀን አልቀረሁም፣ አንድም ቀን አላረፈድኩም። አሠልጣኙ በእሷ ስም ሲጠራኝ “አቤት” እላለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አጠገቤ የምትቀመጠው ሠልጣኝ ጎሸም ካላደረገችኝ ለኔ መሆኑን እረሳው ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ስሙን ለመድኩት። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የለንም። አሥረኛ ክፍል ያለችው ልጄ የጫማ ካርቶን ቀድዳ የኮምፒውተሩን ፊደሎች በየቦታቸው ሳለችልኝ፤ ከራት በፊት በካርቶኑ ላይ ጣቴን አለማምድ ነበር። “እማዬ፣ አትዪው! ጣትሽ ይወቀው” ትለኛለች። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከመኪናው ቀና ብሎ “ይቺ ሴትዮ በስተርጅና ካርቶን ማንኳኳት ጀመረች” ይላል። ፈተናው ላይ ዘጠና አንድ አመጣሁ። በአዳራሹ ከኔ የበለጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

5. በመጨረሻው ቀን ቡድን መሪዋ ጸጉሯን ተሠርታ ለፎቶና ለምሳ መጣች። የሰርተፍኬቱ ስም ሲጠራ ከልማድ የተነሳ ብድግ አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። እሷ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝና ቦርሳዋን ሰጥታኝ ወደ መድረኩ ወጣች። አሠልጣኙ ግራ ገብቶት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ፤ ወዲያው ኃላፊው በጆሮው የሆነ ነገር አለው፣ ተሳሳቁ፣ ወረቀቱን ሰጣት። ማታ ልጄ “ሰርተፍኬትሽ የታለ?” ስትለኝ “ቢሮ ተሰቅሏል” አልኳት። እርግጥ ተሰቅሏል፤ ከቡድን መሪዋ ወንበር በላይ፣ በመስታወት ሆኖ።

6. በዚህ ዓመት አዲሱ መዋቅር ሲወጣ የእሷ ቡድን ታጠፈ፤ የመዝገብ ቤት ኃላፊነት ደግሞ ለውድድር ወጣ። ለዚያ ሥልጠና ብቻ ሃያ ነጥብ ተያዘለት። ውጤቱ ሲለጠፍ እሷ ሰባ አንድ፣ እኔ ስድሳ አራት። ከስሜ ትይዩ “ሥልጠና፦ የለም” ይላል። ያ ሃያ ነጥብ ወደ ባለቤቱ ቢመለስ እኔ ሰማንያ አራት፣ እሷ ሃምሳ አንድ መሆናችንን ለማወቅ ሂሳብ መማር አያስፈልግም። እሷ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነች። እኔን ምድር ቤት መስኮት ላይ ተራ ቁጥር አዳይ አድርገው መደቡኝ። የሥራ ዝርዝሬ አንድ መስመር ነው፦ ለተገልጋይ ቁጥር መስጠት።

7. የወረደብኝን ለኔ ልተወው፤ መዝገብ ቤቱ ላይ የወረደውን ግን ልተወው አልችልም። አዲሷ ኃላፊ በገባች በሳምንቷ “ለእንግዳ ዓይን ይስባል” ብላ ማህደሮቹን በቤት ቁጥር መደርደሩን ትታ በሽፋናቸው ቀለም አስደረደረቻቸው። ሰማያዊ ከሰማያዊ፣ ቢጫ ከቢጫ። የሽፋኑ ቀለም እኮ ግዢ ክፍል በየዓመቱ ገበያ ላይ ያገኘው ነው! አሁን መደርደሪያው እንደ ጨርቅ ሱቅ ያምራል፤ ማህደር ግን አይገኝበትም። ኮምፒውተሩም ቢሆን የሚከፈተው እኔን ከምድር ቤት አስጠርታ ነው። “እትዬ፣ እስቲ ይቺን ነገር ነካ ነካ አድርጊያት” ትለኛለች፣ የሰርተፍኬቱ መስታወት ሥር ቁጭ ብላ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ምርኩዝ የያዙ አባት የሟች ባለቤታቸውን ቤት ወደ ስማቸው ለማዞር አራት ቀን ተመላለሱ። አራቱንም ቀን ተራ ቁጥር የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ከላይ “ማህደርዎ የለም፤ ምናልባት መጀመሪያውኑም አልተከፈተም” ተባሉ። በአራተኛው ቀን መስኮቴ ላይ ተደግፈው “ልጄ፣ አርባ ዓመት የኖርኩበት ቤት እንዴት የለም ይባላል?” አሉኝ። ያን ማህደር በእጄ ያሰርኩት እኔ ነኝ። መስኮቴን ዘግቼ ወጣሁ፣ ከቢጫዎቹ መሃል መዝዤ አወጣሁላቸው። ከሰዓት በኋላ “ያለፈቃድ ከሥራ ገበታ በመነሳት” የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። የፈረመው የሥልጠናና ምደባ ኃላፊው ነው።

8. ወደ እሱው ሄጄ ወንበር ያሞቅኩበትን ስድስት ሳምንት አስታወስኩት። ቀና እንኳ ሳይል “ሠልጥነሻል የሚል ማስረጃ አለሽ?” አለኝ። ኮሪደር ላይ የሳቀው ሰውዬ ራሱ! “እርስዎ አያውቁም?” ስለው “እኔ የማውቀው ወረቀት ነው” አለ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማውቀው ቤት እንደዚያ ቀን ሸቶኝ አያውቅም።

9. የራሴንም ጥፋት አልሸሽግም። የሄድኩት በእናቷ መታመም አዝኜ ብቻ አይደለም፤ ሥልጠናውን አጥብቄ ስለተመኘሁት ነው። በራሴ ስም ሲከለክሉኝ በሰው ስም ገባሁ። በሰው ስም መፈረም ማታለል እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ሠላሳ ጊዜ ፈርሜያለሁ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩትም ይህን ፈርቼ ነው።

በመሆኑም ምደባው በተለጠፈ በሃያ የሥራ ቀን ውስጥ ቅሬታ ካልቀረበ የሚጸና በመሆኑና ዛሬ አሥራ ዘጠነኛው ቀን በመሆኑ፣ ክቡርነትዎ፦

ሀ/ ውሳኔ እስኪሰጥ ምደባው እንዲታገድልኝ፤

ለ/ የሠላሳው ቀን መቆጣጠሪያና የፈተናው ወረቀት ከሁለታችን የእጅ ጽሑፍ ጋር እንዲተያይ፣ አሠልጣኙም ተጠርቶ ማንን እንዳሠለጠነ እንዲጠየቅ፤ ይህ ረጅም ነው ከተባለም ሁለታችንንም ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጠው አንድ ማህደር እንድናወጣ እንዲያዙን፤

ሐ/ ማህደሮቹ ወደ ቤት ቁጥራቸው እስኪመለሱ “የለም” የሚባል ተገልጋይ እንዳይኖር ትእዛዝ እንዲሰጡ በአክብሮት አመለክታለሁ።

መ/ ይህ ሁሉ ባይሆንና ኮሚቴው “ማስረጃ የለሽም” ቢለኝ ደግሞ ሌላ ልመና አለኝ። በሰው ስም ስለፈረምኩ በዲሲፕሊን ይክሰሱኝ። አልከራከርም፤ ጥፋቴን አምኜ የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ። የምለምነው የቅጣት ደብዳቤው ጥፋቱን ሳያሳጥር እንዲጽፍ ብቻ ነው፦ “ይህቺ ሠራተኛ በቡድን መሪዋ ቦታ ተተክታ፣ ሠላሳውን ቀን ሥልጠና በአካል ተከታትላ፣ ፈተናውንም ዘጠና አንድ አምጥታ አልፋለች” ብሎ፤ ማኅተም ይደረግበት። ኃላፊው የሚያውቀው ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ እኔም ያን ወረቀት ይዤ በማግስቱ በሩ ላይ እገኛለሁ።

ቅሬታዬ እንዳለ ሆኖ፣ ከሰላምታ ጋር

አመልካች፦ የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የአሁን ተራ ቁጥር አዳይ
የሠራተኛ መታወቂያ ቁጥር 318
ፊርማ ____________