ዘይነባ ግድቡን የቆረጠችበት ሳምንት

ሐሙስ፣ ሐምሌ 8 ቀን

ድንጋይ ሞሉበት! ዘይነባ ለማፍጠር ወደ ቤቷ ዞር ከማለቷ ሞሉበት። የነገረኝ ካሳ ነው፤ የገዛ ባሌ፣ የእጁ ጭቃ እንኳ ሳይደርቅ፣ እየሳቀ።

ከሥሩ ልጻፈው። ዘንድሮ ሜዳው ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም። ማሽላችን እንደ ታመመ ሰው ቢጫ ሆኗል። ያለን ተስፋ ተራራው ላይ ዘንቦ በወንዙ የሚወርደው ጎርፍ ነው፤ እሱን በግድብ ጠልፎ፣ በቦይ መርቶ ማሳ ማስገባት። ይህን የሚያዘው የውሃ አባት ነው። ግድቡ መቼ ይሠራ፣ ማን ቀድሞ ያጠጣ፣ ማን ይጠብቅ፣ ሁሉም በሱ ቃል ነው። ጋሽ ይማም ሃያ ዓመት ሙሉ አዘዙ። አሁን ወባ ጥሏቸዋል።

ምክትላቸው ዘይነባ ናት። ምክትል የሆነችውም በሳቅ ነው። አምና ካድሬው መጥቶ "በዝርዝሩ ውስጥ ሴት አላየሁም" ሲል የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዙሪያውን ቃኘና የሷን ስም አስጻፈ። ወንዱ ሁሉ እየሳቀ እጁን አወጣ። ወረቀት ላይ ትቀመጣለች ብለው እኮ ነው! ይኸው ሰውየው ተኙና የወረቀቷ ሴት ተነስታ ቆመች።

ሰኞ ስብሰባ አለ። እስከዚያ ጎርፍ ከመጣ አያያዟ ይታይና ወይ ትቀጥላለች፣ ወይ አራጋው ይተካታል። አራጋው የካሳ ታላቅ ወንድም ነው። ማሳው ከሁሉም በላይ ነው፤ ድምፁም እንደዚያው።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ግድብ ስንሠራ ዋልን። ረመዳን ነው፣ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። እኛ ሰኞ ጾም ፈትተን፣ ጠግበን፣ እሷ ናት ቀድማ የምትቆፍረው። በወንዙ በኩል ያለውን ጫፍ፣ አራት ክንድ ያህል፣ በእሾህና በአፈር ብቻ እንዲደፈን አዘዘች። "ከባድ ጎርፍ ከመጣ እዚህ ጋ ይቀደድና ወደ ወንዙ ይመለስ፤ ማሳችን ላይ እንዳይወጣ" አለች።

"እሺ፣ የውሃ እናት!" አለ አራጋው። ሳቁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ዞር ስትል እሾሁን አንስተው ድንጋይ ጠቀጠቁበት። "ግድብ እንዴት እንደሚሠራ አሳየናት" ይለኛል ካሳ።

ልንገራት? ባሌን አሳልፌ ልስጥ?


ዓርብ፣ ሐምሌ 9 ቀን

ነገርኳት። ገና ሳይነጋጋ ሄጄ በሯ ላይ ቆሜ ነገርኳት። "እነማን ናቸው?" ትለኛለች ብዬ ስፈራ፣ ያለችኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

"እት ጥሩ፣ ቤትሽ ውስጥ ጠብ አያመጣብሽም?"

አቤት እቺ ሴት! የሷ ሹመት ሊገለበጥ ነው፣ እሷ የኔን ቤት ታስባለች።

ለሊቀ መንበሩ እንክሰስ አልኳት። "ከከሰስኩ የሰኞው ስብሰባ የድንጋይ ክርክር ይሆናል። ጎርፉ ደግሞ ሰኞን አይጠብቅም" ብላ ዶማዋን አነሳች። ከመሠረተ ትምህርት ጓደኞቻችን ዘጠኝ ሴቶች ጠራሁ። ድንጋዩ በጭቃ ተጣብቆ እንደ ጥርስ ነው የሚነቀለው። የሁለት ጣቴ ጥፍር ሄደ።

አራጋው በሬዎቹን እየነዳ አለፈና፣ "ወይዘሮዎች፣ ምስር ለቀማ ነው?" አለ።

ዘይነባ ቀና እንኳ ሳትል፣ "አዎ ጋሼ አራጋው፤ ሰው ምስሩ ውስጥ ድንጋይ ጨምሮብን" አለችው። በሬዎቹን ትቶ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር እሱም ሳቅ ሲመጣበት መያዝ የማይችል ሰው ነው፣ በዚህ እወደዋለሁ።

ሲመሽ ግማሹ ወጥቷል። ግማሹ እዚያው ነው።

ካሳ እራቱን ከበላ በኋላ "ማን ነገራት?" አለ። "እኔ" አልኩ። ፊቱን አዙሮ ተኛ።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 10 ቀን



ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተራራው ጠቆረ። እኛ ጋ ፀሐይ ነው። ትንሽ ቆይቶ "መጣ! መጣ!" ሲባል ሁላችንም አካፋ ይዘን ወረድን። የጎርፉ ድምፅ ቀድሞ ይመጣል፣ እንደ ብዙ ከብት ሩጫ። ከዚያ ውሃው፤ ጥቁር፣ ሙሉ ግራር ከነሥሩ ያዘለ። ወንዱ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ወር ሙሉ የጠበቅነው እኮ ነው! ቦዩ መሙላት ጀመረ። የአራጋው ማሳ ሊጠጣ ነው። ቀጥሎ የኛ።

ዘይነባ ጫማዋን አውልቃ ቦዩ ዳር ቆማለች። ዓይኗን ጨፍናለች። ፈርታ መሰለኝ። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና፣

"ድንጋይ ይዟል። ቁረጡት!" አለች።

ማን ይሰማታል። "ውሃችንን ልትደፊው ነው?" አለ አራጋው። "አብደሻል እንዴ!" አለ ሌላው። አንድ ሰው አልተነቃነቀም። እሷ ወረደች። ደረቷን በገመድ ታስራ፣ የገመዱን ጫፍ ለኛ ለሴቶቹ ሰጥታን፣ ትናንት ግማሹን ያጸዳነው ቦታ ላይ ዶማዋን አሳረፈች። አንዴ፣ ሁለቴ። ስድስት ሆነን ገመዱን ይዘናል። የቀረው ድንጋይ ሲናድ ግድቡ እንደ ቤት ደጃፍ ተከፈተና ያ ሁሉ ጎርፍ ወደ ወንዙ ተመለሰ። እሷን ጎትተን ስናወጣት ጉልበቷ ደምቷል።

ቦዩ ባዶ ሆነ።  

ይህን ማንም ስለማያየው እጽፈዋለሁ፦ ገመዷን በእጄ ይዤ በልቤ ረገምኳት። ማሽላዬ ታየኝ። ልጆቼ ታዩኝ። ዳር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች፣ የፆም ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ "አውቃለሁ፣ እት ጥሩ" ብቻ አለችኝ።


እሑድ፣ ሐምሌ 11 ቀን

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰው ሰላምታ አሳጠረብኝ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ሄዷል፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ግድባቸው ያዘ፣ ጎርፉን እስኪበቃቸው ጠጡ እየተባለ ነው። "የነሱ የውሃ አባት ወንድ ነዋ!" አለች አንዷ፣ እኔ እየሰማሁ። ሴት ናት ያለችው፣ ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።

አራጋው ቤታችን መጥቶ ከካሳ ጋር ሲንሾካሾክ ቆየ። ሰኞ ምን እንደሚባል አሁኑኑ ይታወቀኛል።

ከሰዓት ካሳ "ልየው" ብሎ ወንዙን ተሻገረ። ሲመለስ እግሩን ታጠበ። ቡና አልፈልግም አለ። በሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣

"ማሳ የለም" አለኝ።

"የምን ማሳ?"

"የማዶዎቹ። ኮረት ነው ያለው፣ እስከ ጉልበት። ማሽላው ከታች ነው። ሽማግሌው መሬቱ መሐል ቆሞ ድንበሩን ይፈልጋል።"

እናቴ ማርያም! እኛም እንደዚያ እንሆን ነበር። አንድ ዓመት አይደለም የሚያጠፋው፤ ያን ኮረት ጠርጎ መሬት ለማድረግ ዕድሜ ይፈጃል። ካሳ መሬት መሬቱን እያየ፣ "አራቱን ትልልቅ ድንጋይ ያስገባሁት እኔ ነኝ" አለ።  ቡናውን አፈላሁለት፣ ጠጣ።


ሰኞ፣ ሐምሌ 12 ቀን

ስብሰባው በመሠረተ ትምህርቱ ዳስ ውስጥ ሆነ። ሊቀ መንበሩ ስለ ሴቶች ተሳትፎ ካድሬው የሚለውን ሁሉ አለ፣ ግማሾቻችን አንቀላፋን። ከዚያ አራጋው ተነሳ። የማዶውን አይቷል፣ ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ግን እልኸኛ ነው። "ውሃው ከባድ መሆኑን ያወቀችው በአጋጣሚ ነው። ጋሽ ይማም እስኪሻላቸው ወንድ ይያዘው" አለ።

ያን ጊዜ በሩ ላይ ጫጫታ ሆነ። ጋሽ ይማም በበቅሎ መጥተዋል! ጋቢ ተከናንበው፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው፣ ጥርሳቸው እየተፋጨ። ሁሉም ብድግ አለ።

"አልቀመጥም፣ ከተቀመጥኩ አልነሳም" አሉ። "ቅዳሜ አልጋዬ ላይ ሆኜ ድምፁን ሰምቻለሁ። ድንጋይ እንደያዘ አውቄያለሁ። ግን ወላሂ እኔ ብሆን አልቆርጠውም ነበር። ወር ሙሉ የተጠማ ሰው ፊት ውሃ መድፋት ልቤ አይችልም። አንዴ እንዲህ ሳመነታ የሦስት ሰው መሬት አስበልቻለሁ፤ ታስታውሳላችሁ፣ ስለምታከብሩኝ አታነሱትም።"



ዘይነባ ትቀጥል የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። በዛ። አራጋው አላወጣም። ካሳ አወጣ! ቀስ ብሎ፣ ወንድሙን ሳያይ፣ ግን አወጣ።

ዘይነባ ደስታ እንኳ አላሳየችም። ተነስታ "አንድ ነገር አለኝ። ምክትል እፈልጋለሁ፤ የወረቀት ሳይሆን የሚሠራ። እት ጥሩ ትሁን" አለች።

እኔ! አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ሰው ፊት ስናገር ነጠላዬን የምበላ! "ኧረ በሞቴ ተዪኝ" ስል ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። አራጋው፣ "ይሁን ይሁን፤ ቢያንስ አንዱ ሹመት ወደ ቤተሰባችን ገባ" አለና ያን ጊዜ እጁን አወጣ።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 13 ቀን

ቦዩን ከላይ እስከ ታች አብረን ሄድን። እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኳት።

ባሏ ሲሞት መሬቷ የቦዩ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ውሃ አይደርሳትም። ስለዚህ ጎርፍ በመጣ ቁጥር የት እንደሚቀር ለማየት ዳር ቆማ ትመለከት ነበር። ስድስት ክረምት። "ሰው ቆሜ የማለቅስ ይመስለው ነበር" አለችኝ። "ማንም አላባረረኝም። ሴት ስትቆም ማን ልብ ይላል? እኔ ግን እማር ነበር።" ያልገባትን ማታ ለጋሽ ይማም ሚስት ቂጣ ይዛ እየሄደች እሳቸውን ትጠይቅ ነበር።

ትናንት ማታ ይቺን ልጅ እድለኛ ናት ብዬ ነበር። በሰባት ዓመት እበልጣታለሁ፤ ስንቱን ጎርፍ ከሷ እኩል አይቻለሁ፣ ያየሁት ግን የራሴን ማሳ ብቻ ነው።

የተማርኩት፦

ድንጋይ ያዘለ ውሃ በባዶ እግር ይታወቃል፣ መሬቱ ያጉረመርማል።

አረፋው ነጭ ከሆነ አትፍሪ።

የላይኛው ሰው "ገና አልጠጣሁም" ሲል እሱን አትስሚ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ጋ መድረሱን እዪ።

ስታዢ አንዴ ብቻ ተናገሪ። ይኼ ይከብደኛል፣ ወሬ እወዳለሁ።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 14 ቀን

ጫፉ እንደገና በእሾህ ተደፈነ። ካሳ ነው የሠራው፣ ማንም ሳያዘው። ነገ ዒድ ነው። ዘይነባ "ነገ ከሶላት በኋላ እንግዳ አለብኝ፣ ውሃው ያንቺ ነው" አለችኝ። ጎርፍ እንዳይመጣ ጸለይኩ። ምን ዓይነት የውሃ ምክትል ናት እቴ!


ሐሙስ፣ ሐምሌ 15 ቀን

መጣ። ሊያውም በጠራራ ፀሐይ፣ እስላሙ ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ከሶላት ሲመለስ።

ወንዱ ዳር ላይ ተደርድሮ እኔን ያያል። ጫማዬን አውልቄ ቆምኩ። ያጉረመርማል? የሚያጉረመርመው ልቤ ይሁን መሬቱ መለየት አቃተኝ። ዓይኔን ብጨፍን ባሰ። ገለጥኩት። አረፋው ነጭ ነው። ዛፍ የለም።

"ይግባ" አልኩ። አንዴ ብቻ።

ገባ። የአራጋው ማሳ ጠጣ፣ ቁርጭምጭሚቱን አለፈ። እሱ አካፋውን ተደግፎ ወደ ሌላ ያያል። የኛ ቀጣይ ነው፣ ከኛ በታች የባል አልባዎቹ መሬት አለ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ቤተሰብ ስኖር ይህን ሰው "ጋሼ" ሳልል ጠርቼው አላውቅም።

"አራጋው! ዝጋ!"

ዞሮ አየኝ። ሁሉም አየኝ። ትንሽ ቆመ፣ አካፋውን አነሳ፣ ዘጋ። የኛም ጠጣ። የኛንም ራሴ ዘጋሁትና ወደ ታች ለቀቅኩት።

ያን ጊዜ ነው ዘይነባን ያየኋት፤ በዒድ ቀሚሷ፣ እጇ ሂና እንደተቀባ፣ ከጉብታው ላይ ቆማ። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። ትወርዳለች ስል ፊቷን አዙራ ወደ እንግዶቿ ተመለሰች።  ልክ ሠርቼ ነው? ወይስ የምትለውን ለሌላ ቀን አስቀምጣው?

ካሳ እስከ ጉልበቱ ርሶ ገባ። "ወንድሜን ዝጋ አልሽው?"

"አልኩት።"

"ያለ ጋሼ?"

"ያለ ጋሼ።"

ወደ ውጭ ወጥቶ ሲስቅ ይሰማኛል። እኔ ግን ይህን ስጽፍ ፊደሌ ሁሉ ጠማማ ሆኖ ወጣ።