ድንቡሼ የተባለችው ልጅ ማንነት

ዛሬ ረቡዕ፣ መጋቢት ስምንት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ እኔ ልብስ ሰፊዋ፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይዛባ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ይህን የመጨረሻ ቃሌን በጎረቤቴ በጡረተኛው መምህር እጅ አጽፌአለሁ።

የስፌት መኪናዬና ትልቁ መቀስ ለሴት ልጄ ይሁኑ። በመቀሱ ወረቀት አይቆረጥበት፤ ይህን ስናገር ምላሴ አልቋል። ቤቱን ሁለቱ ልጆቼና የሟቹ ልጄ ሴት ልጅ እኩል ይካፈሉት።

ዋናው ጉዳይ የሟቹ ልጄ የሕይወት መድን ነው። ሹፌር የነበረው ይኸው ልጄ ቅጹን የሞላው እኔው ስፌት ቤት ቁጭ ብሎ ነበር። "የተጠቃሚ ስም" ከሚለው ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና "ድንቡሼ" ብሎ ጻፈ። ይህ እኔ ለልጅ ልጄ ያወጣሁላት የቤት ስም ነው። ምራቴ ሳታማክረኝ ለልጇ ስም አወጣች ብዬ አኩርፌ፣ በዚያ ስም ስምንት ዓመት ሙሉ ጠርቻት አላውቅም። ልጄ እኔን ደስ ለማሰኘት ጻፈው፤ እኔም ደስ አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ልጄ ከሞተ ወዲህ ምራቴ አራት ጊዜ መድን ቢሮ ተመላልሳለች። ጸሐፊው፣ "በልደት ወረቀቱ ላይ ድንቡሼ የምትባል ልጅ የለችም። ሁለቱም ስም የአንድ ልጅ ነው የሚል ሰው ከአባቷ ወገን ያምጡ" ይላታል። እሷም "እትዬ፣ ስለ ልጅቷ ብለው ይምጡልኝ" ብትለኝ፣ ቀና ሳልል ኮሌታ መስፋቴን ቀጠልኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ታናሹ ልጄ ገንዘቡን "እኔ ላሠራላት" ይላል። ልጄ፣ እስከ ዛሬ አንተ ያሠራኸው ገንዘብ ሁሉ ሥራ ፈቶ ቀርቷል። ገንዘቡን እናቷ በሞግዚትነት ተቀብላ በልጅቷ ስም ባንክ ታስቀምጠው፤ ልጅቷ ዐሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ከትምህርቷና ከሕክምናዋ በቀር ለሌላ አይነካ።

ለቢሮው ማስረጃ እንዲሆን፣ ምስክሮች ባሉበት ግቢ ውስጥ የምትጫወተውን ልጅ "ድንቡሼ!" ብዬ ተጣራሁ። "ወዬ እማማ!" አለች። ቀጥዬ በልደት ወረቀቷ ላይ ባለው፣ እናቷ ባወጣችላት ስም ጠራኋት። ጥቂት ዘገየችና በሩ ላይ ቆማ "አቤት" አለች። ስለዚህ ሁለቱም ስም የእሷ ነው።

መምህሩ "መዘግየቷም ይጻፍ?" ብሎኛል። ይጻፍ። የዘገየችው ስሙን ከእኔ አፍ ሰምታው ስለማታውቅ ነውና፣ በእሷ ላይ አይቆጠርባት።

ተናዛዥ፦ ልብስ ሰፊዋ፣ ፈርሜአለሁ።
ምስክሮች፦ መምህሩ፣ ባለሱቁ፣ ነርሷና ጫማ ሰፊው፣ ሁለቱንም ጥሪ ሰምተን ፈርመናል።