አሥራ አንዱ ጉቶ

ማክሰኞ፣ የካቲት 6 ቀን 1954 ዓ.ም.

አንጁሎ እንሰቴን ቆረጠብኝ። ከሃያው አሥራ አንድ እግር። ሳይጠይቀኝ።

በደሉን በትክክል ልጻፈው፤ ቁጣ ነገር ያጣምማል። ቅዳሜ የታመመች እህቴን ልጠይቅ ሁምቦ ወረድኩ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ በእግሬ ስመለስ ዳሞታ ተራራ ላይ ጢስ አየሁ። ደመና መስሎኝ ነበር። በየካቲት ምን ደመና አለ? ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ቤቴ ቆሟል። የጎረቤቶቼም የሣር ክዳን አልተነካም። ከቤቴ ጀርባ ግን እንሰት በነበረበት ሰማይ ይታያል።

ነገሩኝ። ትናንት እሳቱ በደረቅ ሣር ላይ እየሮጠ ከተራራው ወርዶ እስከ ላይኞቹ ቤቶች ደረሰ። ምንጩ ሩቅ ነው፤ በእንስራ የሚመጣ ውሃ አንድ ክዳን እንኳ አያርስም። የእንሰት ግንድ ግን ውሃ ያዘለ ነው። ቆርጠው፣ ሰንጥቀው በእሳቱ ፊት አነጠፉት፤ በእርጥቡ ልጣጭ ነበልባሉን እየመቱ መለሱት።

መልካም። የእኔን ማን ቆረጠው አልኩ። ባለቤቴ፣ የማርታ እናት፣ ወደ ጓዳ ገባች። ቆይቶ አንጁሎ፣ "እኔ ነኝ" አለ።

"ሳትጠይቀኝ?"

"አልነበርክም።"

በሰው ፊት፣ ግቢዬን እንዳትረግጥ አልኩት። አንጁሎ ጎረቤቴ ብቻ አይደለም። ሠላሳ ዓመት አንድ መጋዝ ይዘን ግንድ ስንሰነጥቅ የኖርን ነን፤ እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች። እንሰቱ ያንገበግበኛል፣ የሁለት ዓመት ቆጮ ነው። የበለጠ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ብኖር እሰጥ ነበር። ይህን ማወቅ ነበረበት። ከቆረጠም በኋላ መንገድ ላይ ወጥቶ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ሻንካ ይቆጣል ብሎ እኔን ፈርቶ እስክጠይቅ ዝም አለ።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

እሳቱ አልሞተም። በምሥራቅ በኩል ሥር ለሥር ይጤሳል።

ወጣሁ። በአንጁሎ ምክንያት ቤቴ አልቀመጥም። ሥራ የሚያከፋፍለው የእድራችን ዳኛ ነው። ከአንጁሎ እጅግ የራቀው ቦታ ላይ አድርገኝ አልኩት። ተራራው ያን ያህል ሰፊ አይደለም ጋሽ ሻንካ ብሎ ሳቀ። ቢሆንም አደረገኝ።

የወጣውን ሰው ልመዝግብ፤ እንዲረሳ አልፈልግም። የትምህርት ቤቱ መምህራን ከነተማሪዎቻቸው። ባለሱቆች፣ ሱቃቸውን ዘግተው። የጽሕፈት ቤት ጸሐፊዎች፣ ከነከረባታቸው። ከእኛ ጸሎት ቤት መዘምራኑ። ከኦርቶዶክሶቹ ቄሱ ራሳቸው፣ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው፤ ጾማቸው ነውና እህል ሳይቀምሱ። የጉኑኖ ሰዎች በአህያ ውሃ ጭነው መጡ። ማን ጠራችሁ ብዬ ጠየቅኋቸው። ዳሞታ ከእኛም ደጅ ይታያል አሉ።

አንዱ ጸሐፊ የእንሰት ግንድ ተሸክሞ ጉልበቱ ተብረከረከ። "ይሄ ማኅተም አይደለም፣ የኔ ልጅ" አለችው ከኋላው ያለች ባለ እንስራ። ሳቅን። እኔም ጥቂት።

መንገድ ላይ መኪናውን ያቆመ የሌላ አገር ሾፌር፣ ይህን ሁሉ ሰው ማን አዘዘው አለኝ። የግንዱን ጫፍ ያዝ አልኩት። ያዘ። እስኪመሽ አለቀቀም።

የማርታ እናት ግራ እጇን፣ የምትሠራበትን፣ በጨርቅ ጠቅልላለች። ምን ሆነሽ አልኳት። ድስት ነው አለች። እራት አልበላችም።

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ዞረ። እሳቱ ከቤታችን በላይ ወዳለው ፈፋ ወረደ። እንደገና እንሰት አስፈለገ። የሰፈሩ ሁሉ አልቋል፤ የቀረው የእኔ ዘጠኙ ነው።

ሰዎቹ ወደ ጓሮዬ አዩ። ከዚያ እኔን አዩና አቀረቀሩ። ማንም አልጠየቀኝም።

ይህ ከማክሰኞው ባሰብኝ። እሳት ከአናቱ በላይ ቆሞ እንኳ ሰው እኔን ለመጠየቅ አፉን መክፈት ፈራ።

ገጀራዬን ይዤ ገባሁ። ማርታ በተዳረችበት ዓመት የተከልኩትን ትልቁን አስቀድሜ ቆረጥኩ፤ እሱን ከተውኩ ሌሎቹንም እንደማልቆርጥ አውቄአለሁ። አንጁሎ የከለከልኩትን ግቢ ረግጦ ገባ። አላስወጣሁትም። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሱ ይሰነጥቃል፣ ሴቶቹ ይጎትታሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ።

"ጎንበስ በል፣ ጢስ ነው።"

ጎነበስኩ።

ጀምበር ስትጠልቅ እሳቱ ፈፋው አፍ ላይ ቆመ። አንድም ቤት አልተቃጠለም። አንድም። መዘምራኑ በወላይትኛ መዝሙር አነሡ። ቄሱ ዜማውን አያውቁትም፤ ግን አጨበጨቡ። ድምፄ ጥሩ አይደለም። ዘመርኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 9

የቀረውን ልይ ብዬ ጓሮ ገባሁ። የቀረ የለም። ጉቶ ብቻ።

ትናንት የቆረጥኳቸው ዘጠኙ፣ የተቆረጠው ፊታቸው ወደ ግራ ያዘነብላል። ከጀርባቸው አጥር ስላለ ማንም የሚቆርጠው ከቤቱ በኩል ቆሞ ነው፤ በቀኙ የሚሠራ ሰው ከዚያ ሲቆርጥ ጉቶው ወደ ግራ ያዘነብላል። የሰኞዎቹ አሥራ አንድ ግን ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። ሁሉም።

አንጁሎ በቀኙ ነው የሚሠራው። በዚህ ሰፈር ግራኝ የሆነ አንድ ሰው ብቻ ነው። አርባ ዓመት አብሬው እበላለሁ።

ጨርቁ ትዝ አለኝ። ድስት አይደለም። ገጀራ ያልለመደ መዳፍ ውሃ ይቋጥራል።

ያለ አስተማሪ ፊደል ቆጠርኩ እያልኩ የምኮራ፣ ሰንጣቂውን በሰነጠቀው ጣውላ የምለይ ሰው፣ በገዛ ጓሮዬ ስመላለስ ይህን አላየሁም።

ጉቶው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣው ቁጣ ነው፤ አልዋሽም። ቆይቶ ሌላው መጣ። እኔ የለሁም። ክዳኑ ደረቅ ነው። የሰፈሩ ሰው ሐሙስ እንዳደረገው የሻንካን አንነካም ብሎ ቆሞ ይሆናል። እኔ ተከልኩት እንጂ ፍግ እየተሸከመች ያሳደገችው እሷ ናት። ያሳደገችውን ቆርጣ ሰፈር አዳነች። እኔን በር ላይ ስታይ ግን ጓዳ ገባች።

አንጁሎም ወደ ፊት ወጣላት። ድሮም ከግንዱ በታች የሚቆመው፣ ሰጋቱራዬ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው እሱ ነበር።

ወደ ቤቱ ሄድኩና ሞረድ አውሰኝ አልኩት። እኔ ሞረድ እንዳለኝ ያውቃል። አምጥቶ ሰጠኝ።

"እንግዲህ ግቢህን ልርገጥ?" አለ።

"ትናንት ረግጠህ የለም እንዴ።"

አብረን ጥቂት ተቀመጥን።

እሑድ፣ የካቲት 11

ከጸሎት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ግቢዬ ገባ። ባዶ እጁን የመጣ የለም። ሁሉም የእንሰት ችግኝ ይዟል። የጉኑኖዎቹ በአህያ ጭነው አመጡ። ያ ጸሐፊም አንድ አምጥቷል፤ ዘቅዝቆ ይዞታል። ሥሩ በታች ነው አልኩት። አመሰገነኝ።

ከዚያ ዳኛውና ቄሱ ለሽምግልና ተቀመጡ። አንጁሎ በድሎሃል፣ ይቅርታ ይጠይቅህና ይብቃ አሉ። አንጁሎ ተነሣ። ባላጠፋው ሊጎነበስ ነው። የማርታ እናት በሩ ላይ ቆማለች። ጨርቁን ፈትታዋለች።

"የማርታ አባት፣ እኔ" ብላ ጀመረች።

"ውሃ አምጪልኝ፣ ጠማኝ" አልኳት።

"ልናገር።"

"መጀመሪያ ውሃ።"

ገባች። አንጁሎን ተቀመጥ አልኩት። ለሽማግሌዎቹ፣ ይህ ሰው አላጠፋም፣ ማክሰኞ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ሰምተው አያውቁምና ተያዩ።

"ታዲያ እንሰቱን ማን ቆረጠው?" አለ ዳኛው።

"በእኔ ፈቃድ ነው የተቆረጠው።"

"አንተ አልነበርክም እኮ።"

"ፈቃዴ ነበር።"

ቄሱ፣ እንግዲህ እንትከል ብለው ተነሡ። አንጁሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ነው። አውቀዋለሁ።

ውሃውን እንደ ልማዷ በግራ እጇ ሰጠችኝ። አልጠማኝም ነበር። ጨረስኩት። ከዚያ እስኪመሽ ስንተክል ዋልን።

ስለዚህ ነገር ከእንግዲህ አንድ ቃል አይወጣኝም፤ ለእሷም፣ ለአንጁሎም፣ ለዚህ ደብተርም። የማክሰኞውን ገጽ አልቀድም፤ የጻፍኩትን ቀድጄ አላውቅም። እሷ አንድ ቀን ልንገርህ ትለኝ ይሆናል። ያን ቀን ውሃ ይጠማኛል።