አንድ ሳፋ ውስጥ የታጠቡ መቀርቀሪያዎች

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ስላሉኝ ነው። እንደ ልቤ ብጀምርማ ወረቀቱ ራሱ እጄ ላይ በተቃጠለ። ፊደሌ ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላል፤ ግድ የለም፣ ታነበዋለህ። ሚስትህ ደውላ «እትዬ፣ ይቅር በይው፣ ቢያጠፋም ወንድምሽ ነው» አለችኝ። ወንድሜ መሆንህ አይደል እንዴ ያንገበገበኝ። ባዳ ቢሆን ረግሜው እንቅልፌን እተኛ ነበር።

የምታውቀውንም ቢሆን ከሥሩ እነግርሃለሁ፤ አንተ ሲመችህ አልሰማሁም ማለት ታውቅበታለህ። የልጅ ልጄን መጋዘኑ ጥበቃ ውስጥ ያስገባሃት አንተ ነህ። የጠመንጃ ጠጋኙም አንተ፣ ለእያንዳንዱ ዘብ ጠመንጃ አዳዩም አንተ። እኔም ሞኟ «አጎቷ እያለላት ምን ትሆናለች» እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ ደረቴን ነፋሁ። መጀመሪያ ከተኩስ ልምምድ ስትመለስ ቀኝ ጉንጯ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አየሁ። ትንኝ የበላት መሰለኝ። በሚቀጥለው ልምምድ ባሰ። ለብ ባለ ውሃና በጥጥ ስጠርግላት ጥጡ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ቀረ። የናስ ብናኝ ነው ለካ፣ ከዓይኗ ሥር የተሰካ።

«ስተኩስ ነው እማማ» አለችኝ፤ «ከኋላ በኩል የሚያቃጥል ነገር ፊቴ ላይ ይረጫል።»

ከዚያማ መካሪ መች ጠፍቶ። አንዱ ዘብ ዘይት በዝቶበት ነው አላት፤ ጠራርጋ አደረቀችው፣ ያው ረጨባት። ሌላው ጥይቱ አርጅቶ ነው አለ፤ ከአዲስ ካርቶን አውጥታ ተኮሰች፣ ያው። ሌላው ደግሞ ጉንጭሽን ከሰደፉ አርቂው አላት፤ አንገቷን እንደ ዝይ ስታሰግግ ኢላማውንም ሳተች፣ ብናኙም አልቀረላት። መነጽር ገዛሁላት፤ መስታወቱ ጠጠር የዘነበበት መሰለ። በመጨረሻ ያ ጥርሰ ፍንጭት ሽማግሌ ዘብ የራሱን ጠመንጃ «እስቲ በዚህ ሞክሪ» ብሎ ሰጣት። ተኮሰች፣ ምንም የለም። ደገመች፣ ምንም። ወደ ራሷ ጠመንጃ ስትመለስ ፊቷ ላይ ተፍ አለባት። እንግዲህ ይሄን ለማወቅ ተምሮ መመረቅ ያስፈልጋል? ችግሩ ጠመንጃው ላይ ነው።

ምሳ ልትበላ የመጣህ ቀን የተኮሰችውን ጥይት ቀለሃ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልህ። ቂጡ ዙሪያውን ጠቁሯል፣ ሆዱ እንደ ደረቀ ከንፈር ተሰንጥቋል። አገላበጥከው። ከዚያ ምን እንዳደረግክ ታስታውሳለህ? ኪስህ ከተትከው። እጅህን ጠረግህና እንዲህ አልካት፦

«ጠመንጃው ጤነኛ ነው። በሽታው አንቺ ነሽ። ቃታ ስትስቢ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ፣ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። የፈሪ ፊት ላይ ሁሉም ነገር ይረጫል።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔ በፍንጭቱ ዘብ ጠመንጃ ስትተኩስ ምንም አልረጨባትም ብልህ ሳቅክብኝ። «እታለም፣ አንቺ መርፌሽን ያዥ» አልከኝ። መርፌዬ ሲወጋኝ ጣቴን ተቆጥቼው አላውቅም አልኩህ። አንተ ግን ጉርሻህን ውጠህ ሌላ ወሬ አመጣህ።

ለመጋዘኑ ኃላፊም የነገርከው ይህንኑ ነው። ጠጋኙ ከተናገረ ማን ይከራከራል? ያም ሆኖ አንድ ቀን ጨምረው አስተኮሷት፤ ያን ቀን ብናኙ የዓይኗ ነጭ ውስጥ ገባ። ሐኪሙ አወጣላት፤ እስካሁን ግን በዚያ ዓይኗ የምታየው በቆሸሸ መስኮት እንደሚያዩት ነው። ጠመንጃውን ነጠቋትና መጥረጊያ ሰጧት። ወንዶቹ በሩ ላይ ቆመው «ፈሪዋ፣ እዚህ ጋ ቀርቶሻል» እያሉ ሲጋራቸውን ይጥሉላታል። አንተም በዚያው ሰሞን ወደ ሌላው ቅርንጫፍ ተዛውረህ ሄድክ። ለስንብት እንኳ አልመጣህም፤ ቸኩዬ ነው አልክ።

ባንተ ቦታ የመጣው ጠጋኝ ገና ባርኔጣውን ሳያወልቅ ጠመንጃ እንዴት እንደሚያጥቡ ዘቦቹን ጠየቃቸው። እነሱም ኩራት በኩራት ሆነው ነገሩት፦ የሁሉንም መቀርቀሪያ፣ ያን ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋውን ብረት፣ አውጥተን አንድ ሳፋ ላምባ ውስጥ እንዘፈዝፋለን፣ አሽተን ስናበቃ ሁሉም እጁ የገባለትን አንስቶ ይከታል፣ ከምሳ በፊት እንጨርሳለን። ማን አስተማራችሁ ቢላቸው አንተን ጠሩ። ሰውየው ራሱን ያዘ አሉ። መቀርቀሪያ ለገዛ ጠመንጃው ተለክቶ የተሞረደ ነው፣ የሌላው ገብቶ የዘጋ ቢመስልም አጥብቆ አይዘጋም፣ ቀለሃው ይቀደድና እሳቱም ብናኙም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል ብሎ አስረዳቸው። ጠመንጃውና የገዛ መቀርቀሪያው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይመታል። የልጅቷን አውጥቶ አየ፤ ቁጥሩ ሌላ። የሌሎቹም ተዘበራርቋል፤ የሷ ግን ከሁሉም የላላው ነበር። ዕጣ ሆኖ የወጣላት እሱ ነው።

ወንድሜ፣ ይሄን ስሰማ ልምርህ ነበር። ሳያውቅ ነው፣ ቸኩሎ ነው፣ ሰው ይሳሳታል አልኩ። ሰው ስለ ወንድሙ ሰበብ አያጣም።

ከመቀርቀሪያዎቹ መሐል ግን የአንዱ እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ቁጥሩ ከጠመንጃው ጋር ልክክ ብሎ የተገኘው እሱ ብቻ ነው። የማን ነው ቢባል፣ እዚያው ዘብ የሆነው ያንተ ልጅ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። መቀላቀሉ ጉዳት እንዳለው ታውቅ ነበርና! ለልጅህ ክር አሰርክ፤ ለሰው ልጅ፣ ለገዛ እህትህ የልጅ ልጅ፣ የፈሪ ስም ሰጠህ። ክር ተወዶብህ ነው? እኔ ቤት ሞልቶ አልነበር?

ኃላፊው ደውሎ ሲጠይቅህ «አላስታውስም» አልክ። ጎረምሳህ ግን አጠገቡ ቆሞ ሲሰማህ ነበር። ስልኩ ሲዘጋ «ያሰረው አባቴ ነው፤ ‹ያንተ ከሌላው እንዳይቀላቀል› ብሎኛል» ብሎ አፍረጠረጠው። ካንተ እንዲህ ያለ ልጅ መውጣቱ ይገርመኛል፤ በእናቱ ወጥቶ ይሆናል።

ጠመንጃዋን ከነትክክለኛው መቀርቀሪያ መለሱላት። ትናንት እንደገና ልትተኩስ ስለነበር ሄጄ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ አየሁ። የጉልበቴን ነገር አታንሳብኝ። ተኮሰች። ፊቷ ላይ አንዳች ነገር አልረጨም፤ አዲሱ ጠጋኝ ቀለሃውን አንስቶ አሳየኝ፣ ንጹሕ ነው። እሷ ግን ቃታውን ሳትነካ ገና ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷንም አዞረች። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም። ኢላማው ወረቀት ላይ ቀዳዳ የለም።

ኃላፊው ክፉ አልተናገረም፤ ትለምጂዋለሽ ብሎ ለሌላ ቀን ቀጠራት። ያን ቀንም ከሳተች መጥረጊያው ለዘለዓለሙ የሷ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ «እማማ፣ አጎቴ እውነቱን ነበር» አለችኝ፤ «እጨፍናለሁ።»

እስከዛሬ ስትነግረን የነበረው ሁሉ ውሸት መስሏት ነው። አትጨፍንም ነበር፤ ጉንጯን የጠረግኩት እኔ ነኝ፣ ዓይኗን ገልጣ ባትተኩስ ብናኙ ዓይኗ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል? ይሄን ብነግራት ራሷን ነቀነቀች። ካንተ አፍ የወጣው ነው ውስጧ የተቀመጠው። ያኔ ዋሸህ፣ አሁን እውነት ሆነልህ። ደስ ይበልህ። መቀርቀሪያ ተፈልጎ ተገኘ፤ ለዚህኛው ግን የሚያበጅ ጠጋኝ የት ሄጄ ልፈልግ?

ልጅህ ሲፈልግ ይምጣ፤ በሬን አልዘጋበትም። አንተ ግን ይቅርታ ጠይቂልኝ ብለህ ሚስትህን አትላክብኝ። መምጣት ካማረህ ቀጠሮዋ ቀን መጋዘኑ ግቢ ድረስ ና፣ ዘቦቹ ሁሉ ቆመው እየሰሙ «ዋሽቼብሽ ነው» በላት። እሷ ዓይኗን ከገለጠች፣ እኔም ያኔ ዓይንህን አያለሁ።

ታላቅ እህትህ