ስምንት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት

ሰኞ
ዛሬም ተነሣባት። ጫማዋን እያሰርኩላት ቃልኪዳን ከእጄ ላይ ወደቀች። ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ትውጣለች፤ የሚጥል በሽታው ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ ይጥላታል። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ክብሪት ጭራ ጭሱን አስሸተተቻት፣ ሌላዋ ማንኪያ በጥርሷ መሃል አስገባች። የፊት ጥርሷ ተሸረፈ። እኔ እናቷ ቆሜ አየሁ። አፈርኩ።

ማክሰኞ
ከብቸና ሞጣ ሆስፒታል ወሰድኳት። ነርሷ ደግ ናት፣ ስታወራ ግን ትፈጥናለች። የያዝኩት ይኼን ነው፦
በጎን ማስተኛት። አፍ ውስጥ ምንም አለማስገባት። ክብሪትም የለም።
ሰዓት መያዝ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ማቆሚያውን መድኃኒት መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ በመቀመጫዋ ቀዳዳ መስጠት፣ ከዚያ ትንፋሿን ማየት።
ያገኘሁት ማቆሚያ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነው።

ረቡዕ
አማቴን አስተማርኩ፤ ቢሮ ስውል የሚይዟት እሳቸው ናቸው። "በዚያ በኩል? ለሴት ልጅ?" ብለው ተቆጡኝ። ሲሪንጁን በውኃ ሞልተው ሲለማመዱ ግን እጃቸው ከእኔ ይረጋል። ችግሩ፣ ሰዓት ማየት አይችሉም። አቡነ ዘበሰማያት ሲደግሙ በስልኬ ለካሁ፤ በስምንተኛው አምስት ደቂቃ ሞላ። በብልሃቴ ኮራሁ።

ሐሙስ
ስብሰባ ላይ እያለሁ ደወሉ። "ተነሣባት ልጄ፣ ስልኩን አትዝጊው" አሉና ጸሎቱን ጀመሩ። ኮሪደር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ደንግጠው ያጣድፉታል፣ ቃሉ እንኳ አይለይም። "ቀስ ይበሉ እማማ" እላለሁ፣ አይሰሙኝም። ስምንት አሉና ሰጧት። ስልኬ ላይ ሦስት ደቂቃ አልሞላም።
ስደርስ ተኝታለች፣ ትንፋሿ ደህና ነው። ምናልባት በራሱ ይቆም ነበር። "አጠፋሁ እንዴ?" አሉኝ። "የለም" አልኳቸው። ያጠፋሁትስ እኔ ነኝ፤ የለካሁት ሳይደነግጡ የጸለዩትን ነው።

ዓርብ
ያቺን አንዷን ማቆሚያ ጨርሰናል። ብቸና ያሉትን መድኃኒት ቤቶች ዞርኩ፣ የለም። ሞጣ ደወልኩ፣ ሰኞ ይገባል አሉ። በዚህ መሃል ቢነሣባትስ?

ቅዳሜ
ረፋድ ላይ ጣላት። በጎኗ አስተኝቼ ሰዓት ያዝኩ። ሦስት። አራት። አምስት ሲሞላ የምሰጣት የለኝም። አማቴ ባጃጅ ሊጠሩ ሮጡ። ከንፈሯ ጠቆረ። ስሟን እየጠራሁ ጀርባዋን ከማሻሸት በቀር ምንም አላደረግሁም። ባጃጁ ሳይደርስ፣ በሰባተኛው ደቂቃ ለቀቃት። ዐይኗን ገልጣ አየችኝና መልሳ ተኛች።
አማቴ እያለከለኩ ገቡ። "አንቺስ ሰዓቱን በትክክል ያዝሽው፤ ምን አተረፍሽ?" አሉኝ። ተቆጥተው አይደለም፣ እውነት ሊያውቁ ፈልገው ነው። መድኃኒቱ የሚገባበት ሰኞ ገና ነው።